ስሜን ተራሮች በክረምት፦ ስድስት ሰዓት ላይ የሚያልቅ ቀን

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሚከፈለው በቀን ሂሳብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ቀን ሙሉ ቀን አይደለም፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት፣ ዕድል ከቀና እስከ ቀትር ያለው ነው። ከዚያ ጉሙ ገደሉን ይሞላዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። ይህን አውቆ ጉዞውን ወደ ጠዋት ያመጣ ሰው፣ በጥር ከሚሄደው የተሻለ ነገር ያያል። ሳያውቅ ከጎንደር በ3 ሰዓት ተነስቶ ሳንቃበር ካምፕ ምሳ ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ግን ነጭ ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። ስለ ክረምቱ ስሜን የሚሰማው ወቀሳ አብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ጎብኚ የሚመጣ ነው።

(ስሙ «ስሜን» ነው፤ የአቅጣጫው «ሰሜን» አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል፣ የፓርኩ መግቢያ ከተማ በሆነችው ደባርቅ ላይ ግን ያርሟችኋል።)

ጉሙ ለምን ሰዓት ጠብቆ እንደሚመጣ ማወቅ ጠቃሚ ነው። የፓርኩ ሰሜናዊ ጠርዝ በብዙ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ነው። ጠዋት ፀሐይ ከታች ያለውን ቆላ ስታሞቀው፣ በሌሊት ዝናብ የራሰው አየር የገደሉን ፊት ታክኮ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጉም ይሆናል። ስለዚህ የስሜን ጉም ከላይ አይወርድም፣ ከታች ይወጣል። መጀመሪያ ከእግራችሁ በታች ያለው ሸለቆ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስላል። ቀጥሎ በገደሉ ስንጥቆች በኩል እንደ ጭስ ያለ ነገር ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል። ያ ጭስ ከታየ ለፎቶ የቀረው ጊዜ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ጠርዙ በጉም ተሸፍኖ ሳለ ወደ ደባርቅ በኩል ያለው ሜዳ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ደባርቅ ላይ ሆኖ ሰማይ አይቶ መወሰን አያዋጣም።

ክረምቱም ቢሆን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። በአቆጣጠራችን ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ለጎብኚ ግን ሦስት የተለያዩ ወቅቶች ናቸው። በሰኔ መንገዱ ገና ጠንካራ ነው፣ ፏፏቴው ግን ገና አልጠነከረም፣ ሣሩም አጭር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዋናው ዝናብ ነው፤ ፏፏቴ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ ለረጅም የእግር ጉዞ ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም። ከጳጉሜን ጀምሮ ዝናቡ መሳሳት ይጀምራል። ከመስከረም 10 እስከ 25 ድረስ ያሉት ቀናት በዓመቱ ውስጥ የምንመርጣቸው ናቸው፦ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ፣ የታችኛው እርሻ ዳር በአደይ አበባ ቢጫ፣ ውኃው ገና ያልጎደለ፣ ቱሪስቱም ገና ያልመጣ። የውጭ አገር ጎብኚ በብዛት የሚገባው ከጥቅምት ጀምሮ ነው።

ስለ መንገዱ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል፣ አስፋልት ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፦ በአካባቢው ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ መንገዱ የሚዘጋባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ በጉዞው ዋዜማ ደባርቅ ለሚገኝ አስጎብኚ ደውሎ «ዛሬ መኪና አለፈ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። የሳምንት ወሬ አይበቃም።

ፈተናው ያለው ከደባርቅ ወዲያ ነው። የፓርኩ መንገድ ከቡይት ራስ በሳንቃበር አድርጎ ወደ ጨነቅ ካምፕ፣ ከዚያም የቧሂት ተራራን ትከሻ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይቀጥላል። የጎብኚ መንገድ ብቻ አይደለም፤ የጭነት አይሱዙና የሕዝብ ማመላለሻ ይመላለስበታል። በዝናብ ጊዜ የአይሱዙ ጎማ ሁለት ጥልቅ ቦይ ይቆፍርና መሐሉ ላይ የጭቃ ጀርባ ይተዋል። ዝቅ ያለ መኪና ጎማው ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሆዱ በጀርባው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ጎማው ይሽከረከራል እንጂ መኪናው አይነቃነቅም። ሚኒባስ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ፎር ዊል ያለው አሽከርካሪም ቢሆን ጭቃው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ፎር ዊሉን ማስገባት፣ መሐል ላይ አለመቆም፣ የሚቻል ከሆነ ጎማውን ቦዩ ውስጥ ሳይሆን ጀርባው ላይ አድርጎ ማለፍ አለበት። ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ይያዝ፤ በርጥብ ሸክላ ላይ ፍሬን የረገጠ መኪና ወደ ገደሉ ዳር በጎኑ ይሄዳል።

መኪና ስትከራዩ ጎማውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። «ፎር ዊል ነው» ተብሎ የሚመጣ፣ ግን የፊት ጎማው የማይጎትት ወይም ጎማው የተላጨ መኪና ያጋጥማል። አሽከርካሪው ፎር ዊሉን ፊት ለፊታችሁ አስገብቶ፣ እርጥብ ሣር ላይ ትንሽ ነድቶ ያሳያችሁ። አካፋ፣ የሚጎትት ገመድና ሁለት ጠፍጣፋ ጣውላ ከሌለው ከደባርቅ ይያዝ።

ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ክፍያ፣ ምዝገባና ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ) ሁሉም እዚያ ያልቃል። ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው ከውጭ ዜጋ ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ ያዙ። ስካውት ግዴታ ነው፤ አስጎብኚ ግን በክረምት ግዴታ ባይሆን እንኳ ውሰዱ፣ ጉም ውስጥ መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው። ቢሮው የሚከፈተው በሥራ ሰዓት ነው። ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር ግን የክረምቱን ጉብኝት የምታበላሸው እሷ ናት፦ በዕለቱ ጠዋት ክፍያ ለመፈጸም ቢሮ እስኪከፈት የጠበቀ ሰው፣ ተመዝግቦ፣ ስካውት ተመድቦለት፣ በጭቃው መንገድ ሳንቃበር እስኪደርስ 5 ሰዓት ያልፋል። ቀኑ አለቀ። ስለዚህ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ገብታችሁ ሁሉን ጨርሳችሁ እደሩ። ማደሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግጭ ካምፕ ላይ 3,600 ሜትር ከመተኛት በፊት አንድ ሌሊት ለሳንባም መልመጃ ነው። ደረሰኙን ፌስታል ውስጥ ያዙት፤ በር ላይ ይጠየቃል፣ የራሰ ወረቀት ደግሞ አይነበብም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በክረምት ስሜን ለመሄድ አንድ ምክንያት ብቻ ቢጠየቅ መልሱ ጅንባር ነው። በሳንቃበርና በግጭ መካከል የጅንባር ወንዝ ከገደሉ ላይ 500 ሜትር ያህል ይወድቃል። በየካቲት የመጣ ሰው በድንጋዩ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ክር አይቶ «ይሄ ነው?» ይላል። በነሐሴ ሌላ ነገር ነው። ከመንገዱ ወርዳችሁ በአስታ ጫካ ውስጥ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ ድምፁ ነው፤ የሚንከባለል ድንጋይ እንጂ ውኃ አይመስልም። የአስታው ቅርንጫፍ ሁሉ ከዛፍ ላይ እንደ ጢም በሚንጠለጠል ሽበት የተሸፈነ ነው፤ ሽበቱ ጉሙን ይዞ ስለሚያንጠባጥብ ዝናብ ባይኖርም ከዛፉ ሥር ትርሳላችሁ። መጨረሻው ከገደሉ ውስጥ የወጣ ጠባብ ምላስ ላይ ነው። ፏፏቴው ከፊት ለፊት፣ ገደሉ በግራም በቀኝም ነው። የሚያግድ አጥር የለም ብላችሁ ቁጠሩ። ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ጫፉ ላይ ቆሞ ሳይሆን ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ተቀምጦ ማየት ነው።

ደርሳችሁ ጉም ከሆነ አትመለሱ። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ጉሙ ሲወጣና ሲወርድ እንደ መጋረጃ ይከፈታል። 15 ወይም 20 ደቂቃ የጠበቀ ብዙ ጊዜ ይከፈትለታል፤ አንዴ ከተከፈተ ከላይ ያለው ውኃ፣ ከዚያ መሐሉ፣ በመጨረሻ ታችኛው ተራ በተራ ይገለጣል። ካሜራውን ከመጀመሪያው አውጥታችሁ ጠብቁ።

ከፏፏቴው ወደ ግጭ ለመቀጠል የጅንባርን ወንዝ መሻገር አለ። ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ወንዙ ከዝናቡ በኋላ በቶሎ ይሞላል፣ በቶሎም ይጎድላል፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት ስለሚጥል ዝቅ የሚለው ማለዳ ነው። ውኃው ከጉልበት በታች ከሆነና የታችኛው ድንጋይ ከታየ በዱላ እየተመረኮዙ፣ ፊትን ወደ ላይኛው ጅረት አድርጎ፣ የቦርሳን የወገብ ማሰሪያ ፈትቶ መሻገር ይቻላል። ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም ውኃው ጭቃ መስሎ ድንጋይ የሚያንኳኳ ድምፅ ካለው መመለስ ነው። ሁለት ሰዓት መጠበቅም ይሠራል፣ ዝናብ ካልደገመ።

ስለ ጭላዳ። ጭላዳ ሌላ ምግብ እያለ ሣር የሚነጭ ዝንጀሮ ሳይሆን፣ ኑሮው በሣር ላይ የተመሠረተ እንስሳ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ በጣቱ መሬት ቆፍሮ ሥር ይበላል፤ በክረምት ግን ለምለሙን ቅጠል እየነቀለ ስለሚበላ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ጉም ውስጥ ከማየታችሁ በፊት ትሰሟቸዋላችሁ፦ ከ100 የሚበልጡ እጆች ሣር ሲነጩ የሚወጣው ድምፅ እንደ ከብት ግጦሽ ነው፣ በመሐሉ የሴቶቹ ማጉረምረም አለ። ከዚያ ጉሙ ሳሳ ሲል በሁለቱም በኩል ከበዋችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ወንዱ ጋማው ረጥቦ ሲንጠለጠል ግማሽ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ሲያገኝ ተነስቶ እንደ ውሻ ይራገፋል። ሌሊት የሚያድሩት ገደል ላይ ስለሆነ ማለዳ በጠርዙ በኩል ሲወጡ ለማየት ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር ያለውን የገደል ዳር መንገድ ከ1 ሰዓት በፊት መጀመር ነው። 10 ሜትር ያህል ራቁ፣ ምንም አትስጡ። አፍ ከፍቶ ከንፈሩን ወደ ላይ የገለበጠ ወንድ እየሳቀ አይደለም።

ዋልያ ለማየት ጨነቅ ነው የሚሻለው፣ በክረምትም ያው ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ይጠባል። ዋልያዋ የምትወልደው በአብዛኛው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ በመስከረም መጨረሻ ግልገል የማየት ዕድል አለ። የዋልያ ቁጥር በቅርብ ዓመታት ስለቀነሰ ግን ጨነቅ ደርሶ አለማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። ቀይ ቀበሮን በስሜን ክረምት እናያለን ብላችሁ አትሂዱ፤ እዚህ ጥቂት ናቸው፣ ጉሙም አለ፤ እሱን የፈለገ ባሌ ሳነቴ ይሂድ።

ማደሪያ ላይ ያለን ምክር ከተለመደው የተለየ ነው። በበጋ የተለመደው ጉዞ በየቀኑ ካምፕ እየቀየሩ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ማለት ነው። በክረምት ግን አንድ ቦታ ተክሎ ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላል፤ ሳንቃበር ለዚህ ተስማሚ ነው፣ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ መንገድ ዳር ነው። የራሰ ድንኳን ጠዋት መጠቅለል አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ያ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው። አንዱን ማለዳ ለጅንባር፣ ሌላውን ማለዳ በመኪና ጨነቅ ደርሶ ለመመለስ ማዋል ይቻላል። ግጭ ማደር የሚያስፈልገው እመት ጎጎ የምትባለውን የገደል ጫፍ ለሚፈልግ ብቻ ነው።

ድንኳን ጎንደርም ደባርቅም ይከራያል። ጥራቱ ግን ይለያያል፣ ብዙው ለበጋ የሚበቃ እንጂ የሐምሌን ዝናብ የሚችል አይደለም። ከመቀበላችሁ በፊት ግቢ ውስጥ አስተክሉትና 5 ሊትር ውኃ በላይኛው ልባስ ላይ፣ በተለይ በስፌቱ መስመር ላይ፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በእጁ ስፌቱን ይዳብስ። ካስማውን ቁጠሩ፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ካምፕ ላይ ሲተከል ሜዳው የሚያምረው ጎድጎድ ያለ ቦታ ማታ ኩሬ ይሆናል፤ ትንሽ ተዳፋት ምረጡ፣ ራስጌውን ወደ ላይ አድርጉ። ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ጠርዝ እንዳይወጣ አጥፉት፤ ወጥቶ ከቀረ የዝናቡን ውኃ ተቀብሎ ወደ መኝታችሁ ሥር ይመራዋል። ጠዋት ድንኳኑ ውስጡ የራሰ ከሆነ ሁልጊዜ አፈሰሰ ማለት አይደለም፤ ትንፋሻችሁ ነው፣ ማታ መተንፈሻውን በጥቂቱ ክፍት ተዉት።

ብርዱን በተመለከተ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያስባል። የስሜን ሌሊት እጅግ የሚቀዘቅዘው ሰማዩ ጥርት በሚልበት ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ከዜሮ በታች ወርዶ ውርጭ ይሠራል። በክረምት ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዘው ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ ይቆያል። የሚጎዳው እርጥበቱ ነው። ጋቢ ደረቅ ሳለ ወርቅ ነው፤ ጥጥ በመሆኑ አንዴ ከራሰ ግን ይከብዳል፣ ሙቀት አይሰጥም፣ ሁለት ቀን አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢ ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ፤ ለመንገድ ሱፍ ይለበስ። የደጋው ሰው በርኖስ የሚለብሰው ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሱፍ ርሶም ያሞቃል። ከላይ ውኃ የማያስገባ ረጅም ካፖርት ያስፈልጋል። ጃንጥላ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ይጠቅማል፣ ገደል ዳር ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል። የፕላስቲክ ቦት ጫማ ለመኪናው መንገድ ጭቃ ጥሩ ነው፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ቁርጭምጭሚትም አይይዝም፤ ለጅንባርና ለእመት ጎጎ ጥርሱ የጠለቀ የተራራ ጫማ ይሁን። አንድ ጥንድ ካልሲ ለመኝታ ብቻ በፌስታል ታስሮ ይቀመጥ፤ ምንም ቢፈጠር ቀን አይደረግ።

ምግብ። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። እየፈላ ነው፣ ግን አያበስልም፤ ምስር በከተማው ሰዓት አይበስልም፣ ባቄላና ሽምብራን ጭራሽ አትሞክሩት፣ ፓስታም ውጩ ለጥልጦ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይደርሳል። በሶ እሳት እንኳ አይጠይቅም፣ ጭኮም እንዲሁ፤ ከ12 ሰዓት በፊት ለሚነሳ ሰው ከሁለቱ የተሻለ ቁርስ የለም። እንጀራ በዚያ ብርድ ሦስት አራት ቀን ሳይሻግት ይቆያል፣ ላብ እንዳይዝ ግን በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ይጠቅለል። ከፓርኩ እንጨት መልቀም የተከለከለ ነው፣ ለነገሩ በክረምት የሚነድ ደረቅ እንጨት የለም፤ ነጭ ጋዝ ወይም ቡታጋዝ ይዛችሁ ውጡ። እሳት ከድንኳን ውስጥ አይለኮስ፤ ካምፑ ላይ የማብሰያ ጎጆ አለ፣ ጭስ ይበዛበታል እንጂ ደረቅ ነው።

በቅሎ የምትይዙ ከሆነ ቀድማችሁ አስታውቁ። ባለበቅሎዎቹ ገበሬዎች ናቸው፣ ሐምሌ ደግሞ የእርሻ ወር ነው፤ በበጋ በአንድ ጠዋት የሚገኘው በቅሎ በክረምት አንድ ቀን ሊያስጠብቅ ይችላል። በደረቅ መንገድ 40 ኪሎ የምትችል በቅሎ በጭቃ 30 ይብቃት። ጭነቱ መጀመሪያ በላስቲክ፣ ከላዩ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰር፤ ላስቲክ ብቻውን በአስታው ቅርንጫፍ ተቀዶ ያልቃል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ባለበቅሎው፣ ምግብ አብሳዩና ስካውቱ አብዛኞቹ ይጾማሉ። ሰውየው ምንም ሳይቀምስ እስከ ከሰዓት ሽቅብ እየወጣ ነውና ፍጥነቱን በእሱ ልክ አድርጉት፣ የሥጋና የወተት ምግብም ለጋራ ብላችሁ አትጫኑ።

ግጭ ላይ አንድ የተቀየረ ነገር አለ። የድሮ ጉዞ መግለጫዎች «መንደሩ ገብታችሁ ቡና ጠጡ» ይላሉ። የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ አሁን ዝናብ ቢይዛችሁ የሚያስጠልል ቤት የለም። ሣሩ ግን አገግሟል፣ ጓሳው ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ የወጣው በ2017 ነበር። የግጦሹ ጉዳይ ከምክንያቶቹ አንዱ ስለነበር፣ ያን ሣር ሲያዩ ታሪኩን ማወቅ አይከፋም።

ከግጭ ካምፕ እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ በሦስት አቅጣጫ ገደል ያላት ጫፍ ናት። በክረምት ደንቡ አንድ ነው፦ 4 ሰዓት ሳይሆን ጫፉን ልቀቁ። በግጭ ሜዳ ላይ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በቀር ረጅም ነገር የለም፤ መብረቅ ሲመጣ ከጅብራው ቀጥሎ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ። ነጎድጓድ ከተሰማ ዱላውን ጣሉ፣ ከጅብራው ራቁ፣ እርስ በርስ 20 ሜትር ያህል ተራርቃችሁ ወደ ዝቅተኛው መሬት ውረዱ። መውረድ ካልተቻለ በቦርሳ ላይ ቁጢጥ ማለት ነው፤ መሬት ላይ መተኛት አይሆንም።

ራስ ደጀንን በክረምት ተዉት። ብዙ አስጎብኚ «ይቻላል» ይላል፣ መቻሉስ ይቻላል። ግን ከጨነቅ 600 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ በቧሂት ትከሻ መሻገር፣ ከዚያ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል በጭቃ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ የሞላውን ወንዝ መሻገር፣ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር መውጣት አለ። ወንዙ ጋ የሚደረሰው ከቀትር በኋላ ነው፣ ማለትም መሙላት በሚጀምርበት ሰዓት። ያም ሁሉ ሆኖ 4,550 ሜትር ላይ የምታዩት የራሳችሁን ጫማ ነው።

ለማን ይሆናል? ፎቶ ለሚያነሳ፣ ጭላዳ ለሚወድ፣ ሰው የማይበዛበት ቦታ ለሚፈልግ፣ ማለዳ መነሳት ለማይከብደው ይሆናል። ሎጅ ለሚያድር ሰው የክረምቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከበጋው ይቀንሳል፣ ካልቀነሰም ጠይቁ። ከትናንሽ ልጆች ጋር ከሆነ መስከረም አጋማሽን ጠብቁ፤ ከሰዓቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ልጅ ይዞ መቀመጥ አይቻልም። የአንድ ቀን የደርሶ መልስ ጉዞ ከጎንደር በዚህ ወቅት የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ፤ ሰዓቱን ራሳችሁ ብትቆጥሩት ሳንቃበር የምትደርሱት ጉሙ ከወጣ በኋላ ነው። ጎንደር ላይ ጉም የጠዋቱን በረራ ሊያዘገይ ስለሚችልም፣ ከደባርቅ በወረዳችሁበት ዕለት ሌላ በረራ አታያይዙ።

የተከራያችሁትን ድንኳን ደግሞ እንደተጠቀለለ አትመልሱ። በሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል፣ የሻገተ ስፌት ውኃ ያስገባል፣ የሚቀጥለው ተከራይ በ5 ሊትር ውኃ ሲፈትነው የሚያገኘው ያንን ነው። ደባርቅ ስትደርሱ ያደራችሁበት ሆቴል ግቢ ውስጥ በገመድ ላይ አስጥታችሁት ቡና ጠጡ፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ይበቃዋል።